በጨንቻ አሮጌ ሰፈር ላዛኛ የሚበላበት ቤት

በጨንቻ አሮጌ ሰፈር የጣሊያን ምግብ የሚበላው እኔ ቤት ነበር። ሌላ ቤት አልነበረም። ከአርባ ምንጭ ሽቅብ የሚወጣውን ጠመዝማዛ መንገድ ጨርሶ፣ ዶርዜን አልፎ፣ በጉም ውስጥ ለመጣ እንግዳ ከገበያው በላይ ያለውን የድንጋይ ደረጃ ያሳዩታል። ደረጃው የሚያወጣው ወደ ድሮዎቹ የግዛት ቢሮዎች ነው። ዋና ከተማነቱ ቆላ ወርዶ ለአርባ ምንጭ ከተሰጠ ወዲህ የአንዳንዶቹ ቢሮዎች ጣሪያ ዝጓል፣ ሌሎቹ የእህል መጋዘን ሆነዋል። የእኔ ቤት ከእነሱ ጎን ነበር። በዚያ ሁሉ ሰፈር ከማለዳ ጀምሮ ጭስ የሚወጣው ከእኔ ቤት ብቻ ነበር።

የምጽፈው ደርግ ከወደቀ በኋላ ስለነበሩት ጥቂት ዓመታት ነው። ቤቱ ለምን እንደተዘጋ ሰው የሚያወራው ልክ አይደለም። አርጅታ ደከማት ይላሉ። የልጅ ልጆች ነበሩኝ፣ የእጄ አንጓም ያመኝ ነበር፤ ግን አልደከመኝም ነበር።

ምግቡን ልንገራችሁ። ማክሰኞና ቅዳሜ የገበያ ቀን ስለሆነ ላዛኛ ይሠራል። ረቡዕና ዓርብ በቲማቲምና በነጭ ሽንኩርት ብቻ የጾም ፓስታ። በሌላው ቀን በገብስ፣ በባቄላና በጎመን የሚሠራ ወፍራም ሾርባ፤ ጣሊያኖቹ ሚኔስትሮኒ የሚሉት፣ የጨንቻን ብርድ ከጉልበት ውስጥ የሚያወጣ። ቲማቲሙ ከምዕራብ ዓባያ በጭነት መኪና ይመጣል፤ ዝናብ መንገዱን ሲቆርጠው ቀዩ ስጎ ይቀርና በወተትና በዱቄት ነጩን እሠራለሁ። ለሥጋው ጦስኝና በሶብላ እጨምራለሁ። አይቡን ጨምቄ፣ ጨው አሽቼ፣ ድንጋይ ጭኜበት ካደረ በኋላ ከምድጃው በላይ ሰቅዬ አደርቀዋለሁ፤ ሲጠነክር ይፋቃል። ጣሊያን አገር እንዲህ አይደለም ያሉኝ ሰዎች ነበሩ። እዚያው ሄደው እንዲበሉ ነግሬያቸዋለሁ።

ሙያውን ያገኘሁት ከአንድ ጣሊያን ነው። ጦርነቱ አልቆ ሰዎቹ ሲሄዱ እሱ ቀርቶ በሰፈራችን የእንጨት መሰንጠቂያ ከፍቶ ነበር። እናቴ ውሃ እንድቀዳለት ስትልከኝ አራተኛ ክፍል ነበርኩ፤ ወደ ትምህርት ቤት አልተመለስኩም። አማርኛዬም የተሻሻለው እሱ ቤት ነው፤ የእሱ አማርኛ ከእኔም የባሰ ስለነበር ሁለታችንም ያለ ሐፍረት እንናገር ነበር። ሊጡ ሲበላሽ ይጮኻል፣ ሲያምር ዝም ይላል። እኔም ዝም እንዲል ስል ተማርኩ። ኋላ ዕቃውን ጭኖ ሲሄድ ከጓሮ የገነባውን የጡብ ምድጃ መሸከም አልቻለምና ለእኔ ቀረ። አግብቼ አርባ ምንጭ ወርጄ፣ ወልጄ፣ ባሌን ቀብሬ ስመለስ ምድጃው እንደቆመ ነበር። ጠረግሁት፣ አነደድኩት፣ ሰው መጣ።

የሚመጡት መምህራንና የጤና ጣቢያ ሠራተኞች ነበሩ። አዲስ አበባ ሽመና ሲሠሩ ኖረው ለመስቀል የሚመለሱ የዶርዜ ሰዎች ልጆቻቸው ፓስታ ካልበላን ይሉባቸዋልና ይዘዋቸው ይመጣሉ። የዶርዜን ቤቶች ሊያዩ የወጡ ፈረንጆችም አልፎ አልፎ ይመጣሉ፤ አፋቸውን ከፍተው ላዛኛውን ያያሉ። የአገራችን ሽማግሌዎችም ይመጣሉ፤ ከእነሱ አንዱ ታላቅ ወንድሜ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ወጋችን መናገር አለብኝ። በእኛ ደጋ ሸክላ የሚሠራ ወገን አለ፤ መሬት ያለን ነን የምንል ደግሞ እኛ አለን። ወጣችን የሚሠራው እነሱ በሠሩት ድስት ነው። ውሃችን የሚቀዳው በእነሱ እንስራ ነው። እጃቸው የነካውን ምግብ ግን አንበላም። ከቤታችን አይገቡም። ድግስ ሲሆን ከደጅ ተቀምጠው በእንሰት ቅጠል ይሰጣቸዋል፤ ቅጠሉ ይጣላል፣ የሚታጠብ ዕቃ አይኖርም። ይህ ከተጣሰ ጎሜ ይመጣል ይባላል። ጎሜ ወግ ሲፈርስ በአገር ላይ የሚወርድ መዓት ነው፤ በሽታ ይሆናል፣ የከብት እልቂት ይሆናል፣ በረዶ ይሆናል። ልጅ ሆኜ እናቴን፣ “ድስቱ ወጡን ይነካው የለም ወይ?” ብዬ ጠየቅኋት። በጥፊ መለሰችልኝ። ጥያቄው ግን በጥፊ አልወጣልኝም።

በደርግ ጊዜ ይህ ሁሉ ክልክል ነበር። ካድሬዎቹ ስብሰባ ጠርተው ገበሬውንና ሸክላ ሠሪውን ከአንድ ትሪ ያበሉ ነበር። ሰው ፈርቶ ይጎርስና ቤቱ ሄዶ አፉን ይጉመጠመጣል። መንግሥቱ ሲወድቅ ፍርሃቱ አብሮ ወደቀ፣ ወጉም ተነሣ። ሽማግሌዎች መስክ ላይ ተቀምጠው የአገር ነገር የሚያዩበት ዱቡሻ እንደገና ሰው ሞላበት። እኔ በዱቡሻው መመለስ ደስ ብሎኝ ነበር። ከካድሬ የእኛው ሽማግሌ ይሻላል ብዬ ነበር።

ሸክላ ሠሪዋን ያገኘኋት የላዛኛ ትሪዎቼ ዝገው ስለተበሱ ነው። ማክሰኞ ገበያ ሸክላ ሠሪዎቹ ወደሚቀመጡበት ጥግ ሄጄ ጎኑ ከፍ ያለ፣ አራት ማዕዘን ዕቃ ማን ይሠራልኛል ብዬ ጠየቅሁ። ሌሎቹ ሳቁ፤ አራት ማዕዘን ድስት ማን አይቶ ያውቃል። እሷ አልሳቀችም። ባሏ የሞተባት፣ ቀጭን፣ ፊቷን በነጠላዋ የምትጋርድ ሴት ነበረች።

“ምን ይገባበታል?” አለችኝ።

“ሊጥ፣ ሥጋ፣ አይብ።”

“እሳቱ ከሥር ነው ከላይ?”

“ከሁሉም በኩል።”

“እንግዲያው ማዕዘኑ ይሰነጠቃል። ትንሽ ክብ ላድርገው።”

በሳምንቱ ዕቃዎቹን ተሸክማ መጣች። እኔ በታመመ አንጓዬ ሊጥ ላይ መዳመጫ እየገፋሁ ነበር። ከጓሮ በር ውጭ ቆማ ታየኛለች።

“እማማ፣ ሊጡ ውስጥ አየር አለ።”

“ሊጥ ነው እንጂ ጭቃ አይደለም።”

“አየር ያው አየር ነው።”

“እጅሽን ታጠቢና ግቢ።”

አልገባችም። “ወገኔን ያውቃሉ?” አለች።

“አውቃለሁ።”

“ሰው ቢያይስ?”

“ይየው።”

እስከ ክርኗ ታጠበች። ገብታ ሊጡን በሰውነቷ ክብደት ጫን አደረገችው፣ አጠፈችው፣ ደግማ ጫነችው፤ ሸክላ ሲታሽ እንደሚደረገው። ስትዳምጠው እጅ ከሥሩ እስኪታይ ሳሳ፣ አልተቀደደም። ጣሊያኑ ቢኖር ዝም የሚልበት ሊጥ ነበር። ከነገ ጀምሮ እንድትመጣ ነገርኳት።

ማዕድ ቤቱና ሰው የሚበላበት ክፍል የሚለያዩት በአንድ ግድግዳ ነው፤ ግድግዳው ላይ ሳህን የሚቀበሉበት መስኮት አለ። እሷ ከመስኮቱ ወዲህ አትወጣም። ሳህኑን መስኮቱ ላይ ታስቀምጣለች፣ እኔ አንሥቼ ጠረጴዛ ላይ አደርሳለሁ። ይህን እኔ አልደነገግሁትም፣ እሷም አልደነገገችውም፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እንዲሁ ሆነ። በጨንቻ ማን የማን ልጅ እንደሆነ የማያውቅ የለም። ሁሉም ከመስኮቱ ጀርባ ማን እንዳለች ያውቃል። ወንድሜ ሲቀመጥ ሁልጊዜ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ “እኔ የምበላው ከእህቴ እጅ ነው” ይላል። ጓደኞቹም፣ “እኛም ከእህትህ እጅ ነው” ይላሉ። ከዚያ ይበላሉ፣ ሳህኑን በዳቦ እየጠረጉ።

እንዲህ ሆኖ ሁለት ክረምት አለፈ። ቤቱ እንደዚያን ጊዜ ሰው ሞልቶት አያውቅም። እኔ ግን ውስጤ ይቃጠል ነበር። ሰው በልቶ ሲነሣ፣ “እጅሽ ይባረክ” ይለኛል። “የእኔ እጅ አይደለም” እላለሁ። እንዳልሰማ ሆኖ ጋቢውን ያጣፋል። ምርቃቱ ለእሷ ነው፤ ለእኔ ሰጥተውኝ ይሄዳሉ፣ እኔ ምን ላድርገው? እሷ ደግሞ ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ምድጃው ሥር ቆማ ትበላለች፣ ከድስቱ የተረፈውን። ሳህን ሳቀርብላት፣ “ሳህኑን ለማጠብ ውሃው ያልቃል” ትለኛለች። ውሃ ሞልቶ ነበር።

በሰኔ ወር፣ አንድ ቅዳሜ፣ ዝናቡ ሰዉን ሁሉ ከገበያ አባሮ ወደ እኔ ቤት አገባው። ወንድሜ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ተቀምጧል። አንድ መምህርም ብቻውን አለ። እሷ ከማለዳ ጀምሮ ቁራሽ አልቀመሰችም፤ በመስኮቱ ስመለከታት ግድግዳውን ተደግፋለች። ሳህን አነሣሁ፣ ላዛኛ ቆረስኩ፣ በሩ አጠገብ ባለው ባዶ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ።

“ነይ ውጪ” አልኳት።

“ምን ጎደለ?”

“ምንም። ቁጭ ብለሽ ብይ።”

“እዚሁ እበላለሁ፣ እማማ።”

“እዚያ ወንበር የለም።”

“ቆሞ መብላት ለምጄዋለሁ።”

“እኔ አልለመድኩትም። ነይ።”

ሽርጧን ፈታች፣ መልሳ አሰረችው። ወጣች። ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ አሁን ተነሺ የሚላት ሰው ያለ ይመስል ክብደቷን አልጣለችበትም። ሹካውን ይዛ አንዴ ጎረሰች።

ወንድሜ ሹካውን አልወረወረም። በሳህኑ ጎን ቀስ አድርጎ አስቀመጠው።

“እህቴ፣ ይህን ለምን አደረግሽብን?”

“ምን አደረግሁባችሁ?”

“ዓይናችንን ገለጥሽው።”

“እስካሁን ተጨፍኖ ነው የምትበላው?”

“በሰላም እየበላን ነበር።”

“ከማን እጅ?”

ሦስቱም ተነሡ፣ ጋቢያቸውን ተከናነቡ፣ ዝናቡ ሳያባራ ወጡ። ከአንደኛው ሳህን ገና እንፋሎት ይወጣ ነበር። መምህሩ አልተነሣም። ዓይኑን ከሳህኑ ሳያነሣ ጨርሶ በላ፣ አመሰገነኝ፣ ሄደ። ዳግም ግን አልመጣም።

“አሁን ልነሣ?” አለች።

“ጨርሺ።”

“አልወርድ አለኝ፣ እማማ።”

ሳምንት ሳይሞላ በረዶ ወረደ። ሊታጨድ የደረሰውን የበልግ ገብስ መሬት ላይ አስተኛው። የእንሰቱን ቅጠል በምላጭ የተተለተለ አስመሰለው። የወንድሜ ማሳ ከሁሉ ባሰ። ሰዉ መጀመሪያ በሹክሹክታ፣ ቀጥሎ በአደባባይ፣ ጎሜው ከአሮጌው ሰፈር ነው የመጣው አለ፤ ሽማግሌዎችን ከሸክላ ሠሪ እኩል አስቀምጣ ያበላች ሴት አለች አለ። ዱቡሻው ጠራኝ።

ሄድኩ። ሽማግሌዎቹ በየድንጋያቸው ተቀምጠዋል። ሴቶች ከዳር ቆመዋል። እሷ አልተጠራችም፤ ስለ እሷ የሚወሰነውን ከሰው ትሰማለች። እኔ ወደ መሃል ገባሁ።

“ቆሜ ልናገር ወይስ ተቀምጬ?” አልኳቸው።

“አንቺ መቼ ጠይቀሽን ታውቂያለሽ?” አለ ከመሃል ያለው ትልቁ ሽማግሌ። ሰዉ ሳቀ። እኔም ሊያስቀኝ ነበር። ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ ይህን ሳልጽፍ ባልፍ እኔም ሚዛኔ ይጎድላል።

ትልቁ ሽማግሌ እንዲህ አለ፦ “በግ ይታረድ፣ ምድሪቱ ትታረቅ። ሴትዮዋን ከሥራዋ አላስወጣንም። ወደ መስኮቷ ትመለስ። እኛም እንደ በፊቱ ካንቺ እጅ እንበላለን። ምግቡን አልጠላነውም።”

“በረዶው የእሷንም ጎመን መትቶታል” አልኩ። “ጥፋቱ የእሷ ከሆነ ቅጣቱ በሁላችን ላይ የወረደው ለምንድን ነው? ቅጣቱ የሁላችን ከሆነ ደግሞ ጥፋቱም የሁላችን ነው። ለምን እሷ ብቻ ትመለሳለች?”

“በረዶ ሰው አይመርጥም።”

“እናንተ ግን ትመርጣላችሁ።”

“አንቺ ደግሞ ላዛኛሽን ከሰማይ ጋር አታጣዪው” አለ ሌላው። እንደገና ሳቁ።

ያን ጊዜ ወንድሜ ተነሣ። ጎንበስ ብሎ እርጥብ ሳር ነጨ፣ ሳሩን በሁለት እጁ ይዞ ፊቴ ተንበረከከ። በአገራችን ሳር ይዞ የተንበረከከን ሰው እምቢ አይባልም። ደም የተቃቡ ሰዎች ለዚያ ሳር ሲሉ ጦራቸውን ጥለዋል። ታላቄ ነው፤ በልጅነቴ በጀርባው አዝሎኛል። ጉልበቱ ሲታጠፍ ያመው እንደነበር አውቃለሁ።

“እህቴ፣ በዚህ ሳር ይዤሻለሁ። መስኮቱ ይበቃል በይ።”

“አይበቃም” አልኩ። “ወይ እንደ ሰው ትቀመጣለች፣ ወይ ማንም ቤቴ አይቀመጥም።”

የተቆጣኝ የለም። ቢቆጡ ደግ ነበር። ወንድሜ ሳሩን እንደያዘ ተነሣ፣ የሚጥልበት ቦታ የጠፋው ይመስል ዙሪያውን አየ። ትልቁ ሽማግሌ፣ “እንግዲህ ሰምተናል” አለ፤ ሰዉም ወደየቤቱ ሄደ። ድል ያደረግሁ መስሎኝ ነበር። ደረጃውን ስወጣ፣ ነገ ለሁለት ሰው ጠረጴዛ አሰናዳለሁ፣ ለእኔና ለእሷ፣ እያልኩ ነበር።

ማንም አልመጣም። ይህን አስቤበት ነበር፤ ቢራቡ ይመጣሉ ብዬ ነበር። ያላሰብኩት ሌላ ነው። ክረምቱ ወደ ማለቂያው ሆኖ መስቀል እየቀረበ ነበር። ለመስቀል እያንዳንዱ ቤት አዲስ ድስት፣ አዲስ እንስራ ይገዛል፤ ሸክላ ሠሪዎቹ ዓመቱን የሚኖሩት በዚያ ሰሞን ነው። ቅዳሜ ሽንኩርት ልገዛ ገበያ ስሄድ ጥጋቸውን አየሁ። ሸክላው እንደተቆለለ ነው። ሴቶች በአጠገቡ ሲያልፉ እርምጃቸውን ያፈጥናሉ። ከአርባ ምንጭ የመጡ ነጋዴዎች ጋ ሄደው ብረት ድስት ያነሣሉ። አትግዙ ብሎ የጮኸ ሰው የለም። ብቻ ሁሉም ዘወር ብሎ ይሄዳል።

እሷ በሰዎቿ መካከል ነበረች። ማንም አያናግራትም። ሁለት ድስት ልገዛ ጎንበስ ስል አንድ ሽማግሌ ሸክላ ሠሪ እጄን ከድስቱ ላይ በትሕትና አነሣ።

“ተዉት፣ እናቴ” አለኝ። “እርስዎ አንድ ምድጃ ነው ያለዎት። እኛ የምንሸጠው ለአገር ነበር።”

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ደረጃው ላይ ቆማ አገኘኋት። ሽርጧን አጥባ፣ አጣጥፋ ይዛለች።

“ይኸው፣ እማማ።”

“ማን ሂጂ አለሽ? እነሱ ናቸው?”

“የራሴ ሰዎች ናቸው። ደግሞም እኔ ነኝ።”

“ዛሬ ከተመለስሽ ለዘላለም መመለስሽ ነው። ትንሽ ቻይ። ወንበሩን አግኝተሻል፣ አትልቀቂው።”

“የእርስዎ ወንበር እኔን አልጠቀመኝም።”

“ፍትሕ ነው።”

“ይሆናል። እኔ የምፈልገው መስኮቱን ነበር።”

“መስኮቱ ውርደት ነው።”

“ለእርስዎ። ለእኔ ሥራ ነበር። እሳት አለው፣ ዝናብ አያስገባም፣ ሊጡ ደግሞ እጄን ይወደዋል። እዚያ ሆኜ ሰው ሲበላ አያለሁ፤ ሳህኑን ሲጠርጉት አያለሁ። ያ ለእኔ ነበር።” ሽርጡን እጄ ላይ አስቀመጠችው። “ዱቡሻው አልጠየቀኝም። እርስዎም አልጠየቁኝም።”

እውነቷን ነው፣ አልጠየቅኋትም። መስኮቱ ልክ ነበር ግን ዛሬም አልልም። ቢገድሉኝ አልልም። ልክ ያልሆነ ነገር ሰው ስለለመደው ልክ አይሆንም። ከዚህ ወዲያ ግን የማውቀው ነገር የለም፤ ሌሊት ሌሊት ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጬ አያለሁ፣ የእኔን ልክነትና የእሷን ባዶ እጅ። አንዱ ሌላውን አይሞላውም።

እሷ ከሄደች በኋላ ሰዉ ተመለሰ። በመስቀል ሸማኔዎቹ ልጆቻቸውን ይዘው መጡ። ሊጡን በታመመ እጄ እኔው ዳመጥኩት፤ አንዱ ጎን ወፍራም፣ አንዱ ጎን የተቀደደ። ወንድሜ መጥቶ ቦታው ተቀመጠ። ስለ ሳሩ አላነሣም፣ እኔም አላነሣሁም። በላ።

“እንደ ድሮው ነው” አለ። “እንዲያውም ይሻላል።”

“አትዋሽ። ሊጡ እንደ ጫማ ሶል ነው።”

“ለእኔ ጣፍጦኛል።”

ፊቱን አየሁ። አልዋሸም። እውነትም ጣፍጦታል። ተስፋዬ የተቆረጠው ያን ጊዜ ነው፤ በዱቡሻ አይደለም፣ በገበያም አይደለም። የሚዋሽን ሰው እከራከረዋለሁ፣ አሸንፈዋለሁም። ምላሱ ራሱ ከወጉ ጋር ሆኖ ለሚቀምስ ሰው ምን ይባላል? ላዛኛ የሠራሁት ለምን እንደሆነ ጠፋኝ። አጠገቡ ያለው ሰው፣ “እጅሽ ይባረክ” ሲለኝ ሳህኑን ሳይጨርስ አነሣሁበት። እስከ ኅዳር ድረስ ገፋሁት። አንድ ጠዋት ምድጃውን ሳላነድደው ቀረሁ፤ በማግሥቱም እንዲሁ።

በታኅሣሥ፣ ጉሙ ሲገፈፍና ቁልቁል ሐይቁ ሲታይ፣ ከቀርከሃው ጫካ ወዲያ ወደ እሷ መንደር ወረድኩ። ሐሳብ ነበረኝ። ልጆቼ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ናቸው፤ እዚያ ነጋዴ፣ ወታደር፣ ሾፌር፣ ከየአገሩ የመጣ ሰው ነው ያለው። እዚያ ሁለታችን ቤት እንክፈት ልላት ነበር። የማን ልጅ እንደሆነች የሚጠይቅ አይኖርም። ያለ መስኮት፣ አንድ ክፍል። እንደ ልጅ ሐሳቤን በመንገድ ስለማመደው ነበር የሄድኩት።

ከቤቷ ደጅ ጭቃ እያሸች አገኘኋት። ተነሥታ እጄን ልትስም ጎንበስ አለች፤ ከለከልኳት። ወደ ቤት አስገባችኝ፣ ቁርበት አነጠፈችልኝ። የመጣሁበትን ነገርኳት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

“ቅዳሜ ሸክላችን ተሸጠ” አለች።

“ደስ ይበልሽ።”

“ደስ ብሎናል። ከዚያ በፊት የነበረው ቅዳሜም ተሸጧል። ሴቶቹ ተመልሰዋል።” ጭቃውን ከጣቶቿ ፋቀች። “አርባ ምንጭ ብሄድ እነዚህን ሰዎቼን ማን ያኖራቸዋል? ወሬው ዳገት አይበዛበትም፣ እማማ። ሲቀላ ከእርስዎ ጋር ተቀመጠች ከተባለ እዚህ ድስት የሚገዛ አይኖርም።”

“ማን ይነግራቸዋል?”

“ቲማቲም የሚያመጣው ሾፌር።”

ካለችው አንዱንም ውሸት ነው ማለት አልቻልኩም።

የተቀቀለ ድንችና በቃሪያ የተፈጨ ዳጣ አመጣችልኝ። ድንቹ ያለበት ሸክላ አዲስ ነበር፣ ገና የእሳት ሽታ አለው።

“ማንም አልበላበትም” አለችኝ። “ለእርስዎ ብዬ ነው ያወጣሁት።”

“ማንም ቢበላበት እኔ ምን ቸገረኝ? ነይ፣ አብረን እንብላ።”

“እርስዎ ይብሉ።”

“እንግዳ ብቻውን አይበላም።”

“ይበላል” አለች። በበሩ ወደ ውጭ አሳየችኝ። አጥሩ ጋ ሰዎች ቆመዋል፤ የእሷ ሰዎች፣ ያ በገበያ ያነጋገረኝ ሽማግሌም ከመካከላቸው። በክፋት አልነበረም የቆሙት። የሚሆነውን ሊያዩና ሰው ቢጠይቃቸው አብራት አልበላችም ብለው ሊምሉ ነው።

የራሷን ድንች በቅጠል ይዛ ወጣች። ከግድግዳው ወዲያ፣ ጀርባዋን ወደ እኔ አድርጋ ተቀመጠች፤ ሰዎቹ ሊያዩዋት በሚችሉበት በኩል። ግድግዳው የቀርከሃ ፍልጥ ስለሆነ ድንቹን ስትልጥ ይሰማኛል። አንድ ክንድ እንኳ አይርቀኝም ነበር። እኔም ላጥኩ። ትኩስ ነበር። ሁለታችንም ቀስ ብለን በላን፣ እኔ ከውስጥ፣ እሷ ከውጭ፣ አንዳችን ሌላችንን ሳንጠራ።